የሥራ ማስታወሻ፦ 1770ን በ365 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ መዘርጋት

ሰኞ ጠዋት። ዓመቱ ተመረጠ

ሥራው ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። አንድ ዓመት በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ቀን 1 ሴ.ሜ. ይይዛል፤ በላይኛው ጠርዝ የፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በታችኛው የእኛው ይሄዳል። ቀን የምንሰጠው ማንኛውም ነገር ከወረቀቱ በላይ በክር በተንጠለጠለ ካርድ ይቀመጣል።

የተመረጠው እ.ኤ.አ. 1770 ነው። አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበት 1776 ወይም የፈረንሳይ አብዮት የፈነዳበት 1789 ስማቸው ይበልጥ የገነነ ነው፤ ግን በእነዚያ ዓመታት አንድ ነገር ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። 1770 ላይ ይህ የለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ይገባል፣ በዓመቱ መጨረሻም ግሽ ዓባይ ይደርሳል፤ ጄምስ ኩክ በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ዳርቻ መርከቡን ከኮራል ድንጋይ ጋር ያላትማል፤ የ14 ዓመቱ ሞዛርት ጣልያንን ይዞራል፤ ቤትሆቨን ይወለዳል፤ አንድ ጅራታም ኮከብ ምድርን ተጠግቶ ያልፋል። ልጆች እጃቸው ላይ ያለው ላጲስ እንኳ ታሪኩ እዚህ ዓመት ውስጥ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ ከታኅሣሥ 25 ቀን 1762 እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን 1763 ዓ.ም. ይዘልቃል። ይህን ከየት እንዳመጣነው ማክሰኞ ላይ ተጽፏል።

ሰኞ ከሰዓት። ወረቀቱ ተቆረጠ

የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ የተማሪ ማስመሪያም 30 ሴ.ሜ. ነው። ስለዚህ አንድ ወር ማለት አንድ ሙሉ ማስመሪያ ነው፤ ልጁ መቁጠር ሳያስፈልገው ወሩን ይለካል። ከፈረንጆቹ ወራት ጋር ቢሆን 28፣ 30፣ 31 እያለ ይሳሳት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰመረው የታችኛው ጠርዝ ነው፤ የላይኛው ከእሱ ይከተላል።

ወረቀቱ ኤ4 መሆን የለበትም። ኤ4 ርዝመቱ 29.7 ሴ.ሜ. ስለሆነ አንድ ወር እንኳ አይሞላም፤ 3 ሚሊ ሜትሩ ትንሽ ቢመስልም ለማጣበቂያ የሚተርፍ ነገር የለም። ኤ3 ይሁን፣ ወፈር ያለ (160 ግራም ጥሩ ነው)። 6 ኤ3 ወረቀት በቁመቱ ለሁለት ሲቆረጥ 12 ቁራጮች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ 42 በ14.8 ሴ.ሜ.።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ የታኅሣሥን መጨረሻ 6 ቀንና ጥርን ይይዛል፣ 36 ሴ.ሜ.። ከዚያ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ እያንዳንዳቸው አንድ ቁራጭ። ነሐሴና ጳጉሜን አንድ ላይ 35 ሴ.ሜ.። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር አንድ አንድ። የመጨረሻው ቁራጭ የታኅሣሥ 24 ቀን ብቻ። ሲደመር 365። ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ ቁራጭ በቀኝ በኩል 2 ሴ.ሜ. የማጣበቂያ ምላስ ይተርፈዋል፤ ከምላሱ ያለፈው ተቆርጦ ይነሣል። ከዘጠኙ ሙሉ ወራት የተረፈው 10 በ14.8 ሴ.ሜ. ለሁለት ሲከፈል 18 ካርድ ይሆናል፤ ለካርድ ሌላ ወረቀት አያስፈልግም።

ማጣበቂያው ደረቅ የሚቀባ ኮላ ነው። ነጩ ፈሳሽ ኮላ ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ ሲደርቅ ያኮማትረዋል፤ መስመሩም ይንጋደዳል። የሚጣበቅበት ቦታ 11 ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቢጠፋ መጨረሻ ላይ ከ2 ቀን በላይ ይጎድላል። ስለዚህ ምላሱ ላይ ቀጭን የእርሳስ መስመር ይሰመር፤ የሚቀጥለው ቁራጭ ጠርዝ በመስመሩ ላይ ልክ ይረፍ። ከማጣበቅ በፊት ሴንቲ ሜትሮቹ ሁሉ ተሰምረው ማለቅ አለባቸው። ከተጣበቀ በኋላ በማስመሪያ መለካት መገጣጠሚያው ላይ ያሳስታል።

ማክሰኞ። ሁለቱ አቆጣጠሮች ተገናኙ

የዚህ ሥራ ዋና ወጥመድ እዚህ ነው፤ ብዙ የልጆች መጽሐፍም የሚወድቀው እዚሁ ነው። ዛሬ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ በ1770 ግን የዋለው በሴፕቴምበር 9 ነው። እኛ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን ሳናቋርጥ 6 እናደርጋታለን፤ ፈረንጆቹ ግን በ1800 እና በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ላይ አቆሙት። በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንድ አንድ ቀን ተንሸራተተ። 2000 ላይ ፌብሩዋሪ 29 ስለነበረው ያኔ ምንም አልተለወጠም።

እንግዲህ ለ1770 የሚሠራው ደንብ ቀላል ነው፦ በዛሬው የቀን መቁጠሪያ ለውጦ 2 ቀን መጨመር። ማርች 5 ዛሬ የካቲት 26 ነው፤ በ1770 የካቲት 28። ዲሴምበር 26 ዛሬ ታኅሣሥ 17 ነው፤ በ1770 ታኅሣሥ 19። ዛሬ የሚነጻጸረው ግን ተራ ዓመት ይሁን፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 በሚውልበት ዓመት የተወሰደ ቀን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ያዛባል።

ሁለቱ ጠርዞች መገጣጠማቸው በሁለት ቦታ ይፈተሻል። ከግራ ሲቆጠር 252ኛው ሴ.ሜ. ላይ ከላይ ሴፕቴምበር 9፣ ከታች መስከረም 1 ቀን 1763 መገናኘት አለባቸው። 105ኛው ላይ ደግሞ ከላይ ኤፕሪል 15፣ ከታች ሚያዝያ 9። ሁለቱም ከያዙ ወረቀቱ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ይዞ ሁለተኛው ካልያዘ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ጥፋቱ ያለው በሁለቱ መካከል ካለ መገጣጠሚያ ነው።

ሌላም ሀገር ሌላ አቆጣጠር ነበረው። በጁላይ 1770 የሩሲያ መርከቦች የኦቶማንን ባሕር ኃይል ቼስሜ ላይ በእሳት አጋዩት። የእንግሊዝ መጽሐፍ ጁላይ 5 እስከ 7 ሲል፣ የሩሲያው ጁን 24 እስከ 26 ይላል። ሩሲያ ያኔ በጁልያን አቆጣጠር ነበረች፤ ልዩነቱ 11 ቀን ነው። ካርዱ በሰኔ 30 እና በሐምሌ 2 መካከል ይሰቀላል። ልጁ «የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሁለቱም ትክክል እንደሆነ ወረቀቱ ላይ በጣት ማሳየት ይቻላል።

ረቡዕ ጠዋት። ፋሲካና አጽዋማት ገቡ

ቋሚ በዓላትን ልጆች በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ በታችኛው ጠርዝ ላይ በቀይ ነጥብ ይግቡ። ተዘዋዋሪዎቹ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ቀመር፣ ይወጣሉ። ዕድሜያቸው ከ10 በላይ የሆኑት ራሳቸው ቢሠሩት ይሻላል፤ ማካፈልና ቀሪ መያዝ ብቻ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 እና 1762 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7262 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 4፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 3። 3 በ11 ሲባዛ 33፣ 30 ሲገደፍ አበቅቴ 3። 3 በ19 ሲባዛ 57፣ 30 ሲገደፍ መጥቅዕ 27። 27 ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 27 ላይ ይውላል። መስከረም 1 በምን ቀን እንደዋለ ለማወቅ 7262 ለ4 ይካፈላል፤ 1815 ይደርሳል፣ 2 ይተርፋል፤ ሁለት ስለተረፈ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7262 እና 1815 ሲደመር 9077፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 5። ከማክሰኞ አንድ ብሎ ሲቆጠር 5ኛው ቅዳሜ። መስከረም 1 ቅዳሜ ከሆነ መስከረም 27 ሐሙስ ነው፤ የሐሙስ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበ ተደማሪ ቁጥር) 3። 27 እና 3፣ መባጃ ሐመር 30። በዚህ ቁጥር ጾመ ነነዌ ጥር 30 ገባች፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 14፤ የፋሲካ ተውሳክ 9 ስለሆነ 39፣ 30 ሲገደፍ ሚያዝያ 9።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው፦ ከ19 ቀሪው ላይ አንድ መቀነስ ይረሳል፤ ወይም የዕለቱ ተውሳክ ከመስከረም 1 ይወሰዳል፣ መወሰድ ያለበት ግን በዓለ መጥቅዕ ከዋለበት ቀን ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን 1762 ማለት ኤፕሪል 15 ቀን 1770 ነው። የሮማ ካቶሊኮችም ፋሲካ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 15 ዋለ። ሁለቱ ፋሲካዎች በየዓመቱ አይገጥሙም፤ በ1770 ግን ገጥመዋል፤ ለሞዛርት ካርድ ይጠቅመናል።

ረቡዕ ከሰዓት። የጎንደር ካርዶች

ጎንደር በዓመቱ ውስጥ ሁለት ንጉሥ አይታለች። ዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ በ1769 መጨረሻ ነግሠዋል፤ ኃይሉ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ራስ ሚካኤል ወደ ትግራይ ባፈገፈጉ ጊዜ ተቃዋሚዎቻቸው በኦገስት ዐፄ ሱስንዮስ 2ኛን አነገሡ። በዲሴምበር ራስ ሚካኤል ሲመለሱ የሱስንዮስ ዘመን አበቃ፣ ተክለ ሃይማኖትም ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ። ይህ በነጠላ ካርድ አይገለጽም፤ በወረቀቱ መካከል በሁለት ቀለም ጥላ ይቀባ፦ አረንጓዴ፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ቢጫ፣ ከዚያ እንደገና አረንጓዴ። የቀለሞቹ ድንበር በእርሳስ ደብዘዝ ተደርጎ ይሰመር እንጂ በማርከር አይቆረጥ።

ብሩስ ጎንደር የገባው ፌብሩዋሪ 14 ነው፤ 45ኛው ሴ.ሜ.፣ የካቲት 9። ከታች ያለው ነጥብ እንደሚያሳየው ዐቢይ ጾም ሊገባ 5 ቀን ቀርቶታል። በከተማው ፈንጣጣ ነበር። ቁስቋም በሚገኘው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ሕሙማኑን እንዲያይ ተጠራ። እንደጻፈው ያደረገው ነገር በሩንና መስኮቱን ማስከፈት፣ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ ማጠን፣ በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ ማስጠረግ ነበር። ልጆች ከዚህ ካርድ ላይ መስኮቱን መሣል ይወዳሉ። «ብሩስ መድኃኒት አገኘለት» ተብሎ ግን አይጻፍ፤ የኤድዋርድ ጄነር ክትባት የመጣው በ1796 ነው።

ግሽ ዓባይ የደረሰው ኖቬምበር 4፣ እሑድ፤ 308ኛው ሴ.ሜ.፣ ጥቅምት 27፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት። በዛሬው መቁጠሪያ ሳይታረም ቢለወጥ ጥቅምት 25 ላይ ይወድቅና መድኃኔ ዓለም ያመልጣል። መንገዱን የከፈተለት የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ነው፤ ብሩስ እንደሚለው ፋሲል ኮርቻና ልጓም ያለበት የራሱን ፈረስ ሰጥቶ «ከፊትህ እየነዳኸው ሂድ» አለው፤ ፈረሱን ያየ ሁሉ ያሳልፈው ነበር። ምንጩ አጠገብ በኮኮናት ቅርፊት ውኃ ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ለሥዕል ከፏፏቴ ይልቅ ይህ ይመረጥ። ግሽ ላይ ያለው ረግረግ መካከል የምትገኝ ትንሽ ምንጭ ናት፤ ልጆች ግን ጢስ ዓባይን መሣል ይቀናቸዋል።

ካርዱ ላይ የሚገባው ግሥ «ደረሰ» ነው። «አገኘ» አይገባም፤ በቦታው አገዎች ይኖሩ ነበር፣ ምንጩንም ያከብሩት ነበር። ከውጭ ከመጡትም ቢሆን ጀስዊቱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል፣ ከብሩስ 152 ዓመት በፊት። አብሮት የነበረው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒም ስሙ ይጻፍ፤ ዕፀዋቱን የሣለው እሱ ነው፣ ብሩስ ግን ድርሻውን አሳንሶበታል።

ሐሙስ ጠዋት። የኢንደቨር መርከብ፣ ባፍላና ሃይላንድ

ኩክ በኢንደቨር መርከቡ አውስትራሊያ ውስጥ ቦታኒ ቤይ የደረሰበት ቀን ኤፕሪል 29 ተብሎ ይታወቃል፤ 119ኛው ሴ.ሜ.፣ ሚያዝያ 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት። የቦታው ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከጌዌጋል ሁለት ሰዎች ጦር ይዘው እንዳይወርዱ ተከላከሉ፤ ከመርከቡ በኩል ጥይት ተተኰሰ። ይህም ካርዱ ላይ ይገባል።

መርከቡ ከኮራሉ ጋር የተላተመበት ሌሊት አንዳንዱ መጽሐፍ ጁን 10፣ አንዳንዱ ጁን 11 ይለዋል። በመርከብ መዝገብ ቀን የሚጀምረው ከቀትር ስለሆነ፣ በፊተኛው ሌሊት 5 ሰዓት ገደማ የሆነው ነገር በመዝገቡ የሚጻፈው በማግስቱ ቀን ነው። መፍትሔው ካርዱን ሁለት ሴ.ሜ. በሚሸፍን ማያያዣ መስቀል ነው፣ ከ161 እስከ 162።

ለማቅለል 6 መድፎችን ጨምሮ 40 ቶን የሚያልፍ ዕቃ ወደ ባሕር ወረወሩ። መድፎቹ በ1969 ከባሕር ወለል ወጡ። መርከቡ ከተላቀቀ በኋላ ሌላ መላ ያስፈልግ ነበር፦ ሸራ ላይ ሱፍና የገመድ ጭረት ለጥፈው፣ የበግ ፋንድያም ጨምረውበት፣ ከመርከቡ ሥር በገመድ ሳቡት። ውኃው ራሱ ሸራውን ወደ ቀዳዳው መጠጠው። ጥገናው በወንዝ አፍ ላይ ሰባት ሳምንት ያህል ወሰደ፤ ሲፈተሽ የተሰበረ የኮራል ቁራጭ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ውታፍ ተሰክቶ ተገኘ።

ይህን በባፍላ ማሳየት ይቻላል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ይቆረጥ። ከታች ከ4 እስከ 5 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ በጎኑ በጋለ ሚስማር 5 ሚ.ሜ. ያህል ቀዳዳ ይበሳ፤ ሚስማሩን የሚይዘው አዋቂ ነው። ውስጡ ጠጠር ይግባበት፣ ቀዳዳው ከውኃው በታች እስኪሆን። ጠጠር ካነሰ ሃይላንዱ ይጋደማል፣ ከበዛ ሳይቀዳ ይሰምጣል። ባፍላው ላይ ተቀምጦ ውኃው ውስጡ 8 ሴ.ሜ. እስኪደርስ በሰዓት ይለካ። ቀጥሎ ባዶ ይደረግና 10 በ10 ሴ.ሜ. የሆነ ስስ ጨርቅ ላይ ጥጥ በላላ ስፌት ይያዝ፤ ሁለት ክር ታስሮለት ከውጭ በኩል በቀዳዳው ላይ ይሳብ። ጊዜው በደንብ ይረዝማል።

ጨርቁን ከውስጥ የሚያደርግ ልጅ አይጠፋም። አይሠራም፤ ውኃው ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ከውስጥ ያለውን ያነሣዋል፣ ከውጭ ያለውን ደግሞ ያጣብቀዋል። ቢያደርጉት ይሻላል፣ ምክንያቱ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ጨርቁ ፍሳሹን ሙሉ በሙሉ ባያቆም አይገርምም፤ በኢንደቨርም አላቆመውም፣ በአንድ ፓምፕ የሚቀዳ ያህል ቀነሰው እንጂ።

በመርከቡ ላይ ከራያቴያ ደሴት የመጣ ቱፓያ የሚባል ካህንና የባሕር መንገድ ዐዋቂ ነበር። የፓሲፊክን ደሴቶች በካርታ አሳይቷል። በዓመቱ መጨረሻ ባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ ሞተ። ካርዱ ከኩክ ካርድ እኩል መጠን ይሁን።

ሐሙስ ከሰዓት። ጅራታሙ ኮከብ በክር

ፈረንሳዊው የከዋክብት ተመራማሪ ሻርል መሲዬ ጅራታሙን ኮከብ ጁን 14 አየው (165ኛው ሴ.ሜ.፣ ሰኔ 9)፤ ጁላይ 1 ለምድር በጣም ቀረበ (182ኛው፣ ሰኔ 26)። ርቀቱ ወደ 2.26 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ነበር። በጽሑፍ ከሚታወቁት ውስጥ ምድርን ይህን ያህል የቀረበ ጅራታም ኮከብ የለም። ስሙ ግን የመሲዬ አይደለም፤ መንገዱን ያሰላው አንደርስ ዮሃን ሌክሰል ስለሆነ በእሱ ተጠራ። ሌክሰል በ5.6 ዓመት እንደሚዞር አሰላ። ግን በ1779 ጁፒተርን ተጠግቶ ሲያልፍ የፕላኔቷ ስበት ከመንገዱ አስወጣው፤ ከ1770 ወዲህ አልታየም።

ለልጆች 1 ሴ.ሜ. 10,000 ኪ.ሜ. ይሁን። ምድር 1.3 ሴ.ሜ. የጭቃ እንክብል፣ ጨረቃ 3.5 ሚ.ሜ.፣ በመካከላቸው 38 ሴ.ሜ. ክር። ኮከቡ በ226 ሴ.ሜ. ክር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከወረቀቱ ርዝመት ያንሳል፣ ስለዚህ ክሩ ወረቀቱ ላይ ተዘርግቶ መለካት ይችላል። ክሩ የማይለጠጥ ይሁን፤ የሹራብ ክር ሲጎተት ብዙ ሴ.ሜ. ይጨምራል።

ዓርብ። ሙዚቃ፣ ሠርግና ዕድሜ

ሞዛርት ኤፕሪል 11 ሮም ገባ፤ ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ። በሲስቲን ጸሎት ቤት በሕማማት ብቻ የሚዘመረውን የአሌግሪን ዝማሬ ሰምቶ በቃሉ ይዞ ጻፈው ይባላል። ፋሲካው ስለገጠመ ያ ረቡዕ በጎንደርም የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነበር። ዲሴምበር 26 ደግሞ ሚላኖ ላይ የመጀመሪያ ትልቅ ኦፔራው ታየ፤ 360ኛው ሴ.ሜ.፣ ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ዕለት።

የቤትሆቨን ካርድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቦን ላይ የተመዘገበው ክርስትና የተነሣበት ቀን ነው፣ ዲሴምበር 17 (351ኛው፣ ታኅሣሥ 10)። ካርዱ «ክርስትና ተነሣ» ይላል እንጂ «ተወለደ» አይልም፤ ሕፃኑ በተወለደ በማግስቱ ክርስትና ማንሣት የተለመደ ስለነበር ልደቱ ከዚያ አንድ ቀን ቀድሞ ሳይሆን አይቀርም።

ሜይ 16 ቀን፣ ግንቦት 10፣ ማሪ አንቷኔት ቬርሳይ ላይ ተዳረች፤ 14 ዓመቷ ነበር፣ ሙሽራው 15። ልጆች ይህን ሲሰሙ ዕድሜ መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ በየካርዱ ቀኝ ማዕዘን ላይ የሰውየው የ1770 ዕድሜ በክብ ውስጥ ይግባ። ሞዛርት 14፣ ማሪ አንቷኔት 14 (በኖቬምበር 15 ሞላት)፣ ናፖሊዮን በኦገስት 1 ዓመት የሞላው፣ ብሩስ 39፣ በዲሴምበር 40። ዕድሜ ከዓመት ላይ ዓመት በመቀነስ ብቻ ከተሰላ በዓመቱ ከልደት ቀኑ በፊት ለሆነ ነገር አንድ ይበልጣል። ሞዛርት በጃንዋሪ 27 ስለተወለደ በእሱ ላይ ስሕተቱ አይታይም፤ በብሩስ ላይ ግን ይታያል።

ዓርብ ከሰዓት። ከባድ ካርዶች

ማርች 5 ቀን (64ኛው፣ የካቲት 28) ቦስተን ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች በሕዝብ ላይ ተኰሱ፣ 5 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ የአፍሪካና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘር የነበረው ክሪስፐስ አተክስ ነው። ለካርዱ ሥዕል ብዙ ሰው የፖል ሬቪርን የታወቀ ሕትመት ይገለብጣል። እዚያ ላይ ወታደሮቹ ተሰልፈዋል፣ አዛዣቸው ሰይፍ አንሥቶ ያዛል፤ የፍርድ ቤቱ ምስክርነት የሚያሳየው ግን የተምታታ ግርግር ነው፣ አዛዡም ነጻ ወጥቷል። ሕትመቱ ቢለጠፍ ለቅስቀሳ የተሠራ መሆኑ ከሥሩ ይጻፍ። ወታደሮቹን በፍርድ ቤት የተከራከረላቸው ጆን አዳምስ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ትልልቆቹ ልጆች እዚህ ላይ ይከራከራሉ፣ ይተዋቸው።

የቤንጋል ረኃብ በነጠላ ቀን አይሰቀልም። ዝናብ ጠፋ፣ ሰብል ደረቀ፤ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የመሬት ግብር መሰብሰቡን ቀጠለ፤ ሚሊዮኖች አለቁ። በወረቀቱ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ግራጫ መስመር ይሰመርለት። ሌላው ሁሉ የሆነው ይህ እየሆነ ነው፤ ለልጅ አይሆንም ብሎ መተው ዓመቱን ማስዋብ ነው። አሃዝ መጨቃጨቅ ግን ለዚህ ዕድሜ አያስፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት። ቀን የሌላቸው

ዓመቱ ብቻ የሚታወቅ ነገር ሴንቲ ሜትር አይሰጠውም። ከወረቀቱ ሥር በተዘረጋ ሌላ ክር ላይ ይሰቀላል። የኩኞ ባለ ሦስት ጎማ የእንፋሎት ጋሪ እዚያ ነው፤ በሰዓት 4 ኪ.ሜ. ያህል ይሄድ ነበር፣ ዛሬም ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ አለ። የፎን ኬምፔለን ቼዝ ተጫዋች አሻንጉሊትም እዚያ ነው፤ በቪየና ቤተ መንግሥት ሲታይ ማሽን መሰላቸው፣ ሰው ግን ውስጡ ተደብቆ ነበር። በተቃራኒው የሃርግሪቭስ የመፍተያ ማሽን የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃድ ቀን አለው፦ ጁላይ 12፣ ሐምሌ 7፣ የሥላሴ ዕለት። 16 እንዝርት በአንድ እጅ የሚዞርበት ነው፤ ካርዱ ላይ አንድ የእኛ እንዝርትና 16 ትንንሽ እንዝርት ጎን ለጎን ይሣሉ።

የላጲሱ ካርድ ሙከራ አለው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1770 ባሳተመው መጽሐፍ የእርሳስ ጽሑፍን ደህና አድርጎ የሚያጠፋ የጎማ ቁራጭ ለንደን ውስጥ እንደሚሸጥ ጠቅሷል፤ የግማሽ ኢንች ያህሉ ዋጋው 3 ሽልንግ ነበር፣ ውድ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠፋው በዳቦ ነበር። ያደረ የነጭ ፉርኖ ዳቦ ልቡ ይወጣ፣ ያለ ቅርፊት፣ በጣት ይድቦልቦል፤ በለስላሳ እርሳስ የተጻፈው ላይ በአንድ አቅጣጫ ይታሽ። ትኩስ ዳቦ ይጣበቃል፣ የደረቀ ወረቀቱን ይፍቃል፣ ቅባት ያለው ዳቦ ደግሞ ነጠብጣብ ይተዋል። በማርከርና በእስክሪብቶ ጽሑፍ ላይ አይሞከር። ፍርፋሪው ከወረቀቱ ላይ በደንብ ይራገፍ፤ ካልተራገፈ ማታ አይጥ ይጠራል።

ቅዳሜ ከሰዓት። ተሰቀለ

ወረቀቱ በሁለት ጫፉ ብቻ ከተያዘ መካከሉ ይረግባል፣ መገጣጠሚያዎቹም ይላቀቃሉ። ከላይ ሲባጎ ተወጥሮ በየመገጣጠሚያው በልብስ መቆንጠጫ ይያዝ፤ 11 ለመገጣጠሚያ፣ 2 ለጫፍ። ከፍታው ለልጅ ዓይን፣ ከወለል 115 ሴ.ሜ. ያህል።

ካርዶቹ 7.4 ሴ.ሜ. ስፋት ስላላቸው ከ182 እስከ 193 ባለው ቦታ ይደራረባሉ፤ ኮከቡ፣ ቼስሜና እንዝርቱ እዚያ ናቸው። ሌላ ሲባጎ ከወረቀቱ 50 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ ይወጠርና ካርዶቹ በሦስት የተለያየ ከፍታ ይንጠልጠሉ፤ ከየካርዱ ሥር ቀጭን ክር ወርዶ ትክክለኛው ሴ.ሜ. ላይ በስኮች ይያዝ። ክሩ ሰያፍ ከሄደ ልጁ የተሳሳተ ቀን ያነባል።

ሲነሣ የተጻፈበት ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በካርቶን ቱቦ ላይ ይጠቀለል፤ እንዲህ ከሆነ በድጋሚ ሲሰቀል ጫፎቹ ወደ ግድግዳው እንጂ ወደ ልጆቹ አይጠማዘዙም።

1771 ለሚቀጥል፦ በዚያ ዓመት የሠርባ ኩሳ ጦርነት አለ፣ በሜይ። 1763 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ሴ.ሜ. ይሰጣት። መስከረም 1 ቀን 1764 ሴፕቴምበር 10 ላይ ይውላል፤ ወረቀቱም ታኅሣሥ 23 ላይ ያልቃል።